ጥንዚዛ የማይገባበት ንጹሕ ጫካ

የወንድሙን መሞት የሰማው ከዛፎቹ ሥር ቅጠል እየጠረገ ሳለ ነው። የጫካው ዘበኛ አጠገቡ ድረስ መጥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ታናሽ ወንድሙ ታሞ ስለነበር ቃል መናገር አላስፈለገውም። ታላቅየው የጀመራትን ክምር ጨርሶ ነው የሄደው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ዛፍ የተከሉት የድንጋይ ካባ በነበረ መሬት ላይ ነው። ድንጋዩ ወጥቶ ያለቀበት ጉድጓድ በአፈር ተሞላና ለሁለት ተካፈሉት። አፈሩ አንድ፣ ችግኙ አንድ። ታላቅየው ድርሻውን እንደ ሳሎን ያዘው፤ የደረቀ ቅርንጫፍ አያሳድርም። በታናሽየው በኩል ግን የወደቀው ሁሉ እንደወደቀ ይቀራል።

ታዲያ ንቡም፣ ቢራቢሮውም፣ ጥንዚዛውም ወደ ዝርክርኩ! ነፍሳት የሚያጠኑ ሰዎች አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው ሲመጡ፣ በታላቅየው በኩል "እንዴት ያምራል" ብለው ያልፉና ማዶ ተንበርክከው ይውላሉ። እሱ መጥረጊያውን ተደግፎ በቅናት ያያቸዋል።

"ጥንዚዛዎቹን ምን አብልተሃቸው ነው?" አለው አንድ ቀን።

"ስንፍናዬን ወደውት ነው፣ ጋሼ" ብሎ ታናሽየው ሳቀ። "ና፣ አንድ የበሰበሰ ግንድ ወዳንተ እናሻግር። ለሁለት እንችለዋለን። ውስጡ እኮ ቤታቸው ነው።"

"ቆሻሻህን እኔ ላይ ልትጥል? ዞር በልልኝ!"

ለቅሶ ቤት እንኳ ቅናቱ አልለቀቀውም። ወሬው ሁሉ ስለ ወንድሙ ቢራቢሮዎች ሆነ። "የኔ ዛፎች እኮ ይረዝማሉ" ሊል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጠው። የወንድሙ ሚስት ጠባዩን ታውቃለችና ጠጋ አለችው።

"ጋሼ፣ አደራ፣ የሱን እንዳትጠርግብኝ።"

ለቅሶው ሲያልቅ መጥረጊያውን ይዞ ማዶ ተሻገረ። አሁን ሁለቱም ድርሻ የሱ ኃላፊነት ነው፤ ከልካይ የለውም። ትልቁን ግንድ በእግሩ ገፋ ሲያደርገው፣ ከሥሩ ጥቁር ጥንዚዛዎች ተተረማመሱ።

"ለናንተስ ቤት ሠርቶላችሁ ሄደ" አላቸው። "ለኔ ምን ተወልኝ?"

ጥንዚዛዎቹ ወደየቀዳዳቸው ገቡ። ግንዱን ቀስ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው።

ከዚያ ወዲህ በራሱ በኩልም መጥረግ ትቷል፤ ቅጠሉ ቁርጭምጭሚት ያለብሳል። አጥኚዎቹ ግን አሁንም የሚሄዱት ማዶ ነው፣ እሱም አሁንም ይናደዳል። ግንዱ አልተሻገረም። ብቻውን ተሸክሞ አይችለውም፤ ማንንም ና አግዘኝ አላለም።