ጋሼ ጉበታቸውን ያዩበት ቀን

ታላቅ ወንድሜ ካረፉ አርባ ቀን አለፈ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ ብዙ አልጽፍም፤ አንድ ነገራቸውን ብቻ ልናገር።

ጋሼ የመሬት ጠብ ሲዳኙ ድንበሩን በእግራቸው ሳይረግጡ አይፈርዱም። "አሳዩኝ" ይላሉ፣ ጭቃም ቢሆን። እኔ የመለኪያውን ገመድ ይዤ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ።

ሆዳቸው ውኃ ሲቋጥር ከማርቆስ አዲስ አበባ ወሰድኳቸው። ጨረር ያለው መድኃኒት በደም ሥራቸው ሰጥተው፣ ትልቅ ማሽን ሥር አስተኝተው ጉበታቸውን ፎቶ አነሱት። ሐኪሙን በር ላይ ይዤ፣ "ክፉ ከሆነ ለእኔ ንገረኝ፤ ለእሳቸው ቀላል ነው በል" አልኩት። በእኛ ዘንድ ለታማሚ ሞቱን መንገር ነውር ነው።

ጋሼ ሰሙኝ።

"አንተ ግትር፣ የማን ጉበት መሰለህ? ልጄ ሐኪሙ፣ አሳየኝ።"

ሐኪሙ ፎቶውን አቀረበላቸው። "መድኃኒቱን መያዝ የነበረበት ጉበትዎ ነው፤ ጠባሳ ስለሞላው አልቻለም። ጣፊያዎና አጥንትዎ ወስደውታል።" ጣፊያቸው ፍም መስሎ ሲበራ የጉበታቸው ቦታ አመድ ነበር።

ጋሼ ብዙ አዩት። "ተፈርዷል፤ ወደ ቤቴ ውሰደኝ" አሉ።

ስንመለስ ደጀን ላይ፣ "ሐኪምም እኮ ይሳሳታል" አልኳቸው።

"በዓይንህ አይተህ ትክዳለህ?" አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጎረቤታሞች ለድንበር ጠሩኝ። ገመዱን ዘርግቼ ስጨርስ ፍርዱን ልሰማ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ጋሼ የሉም። ሁለቱ ሰዎች እኔን ነበር የሚያዩት።