እትዬ አቤቱታ እና የበረኪናው ፕላስቲክ

የንግድ ቢሮው ጥበቃዎች «እትዬ አቤቱታ» ይሏታል። እሷም አልጠላችውም፤ ሰው በሥራው ቢጠራ ምን ነውር አለው? የሸማቾች ማኅበር ጉዳይ አስፈጻሚ ናት፤ እንጀራዋ ደጅ መጥናት ነው። «ነገ ይመለሱ» ሲሏት ነገ ትመለሳለች። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲሏት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ ሹራቧን ትሠራለች። እንዲህ ያለ ሰው ለቢሮ ሰዎች ከራስ ምታት አይተናነስም።

ሰሞኑን የያዘችው የበረኪና ጉዳይ ነበር። ሱቆች በረኪና በውሃ ፕላስቲክ እየቀዱ እንዳይሸጡ በሕግ ይከልከል ትላለች። ይሄኛው ጉዳይ አንጀቷን ይበላዋል፤ የታናሽ እህቷ ልጅ ውሃ መስሏት ጠጥታዋለች። ልጅቷ ብትተርፍም ጉሮሮዋ ጠቦ፣ ዛሬም ምግብ የሚወርድላት በስንት መከራ ነው። እናትየው ጥፋቱን ሁሉ በራሷ ላይ ጭና ከሰው ተገልላለች። እትዬ አቤቱታ «የአንቺ ጥፋት አይደለም» ብላ ብላ ሰልችቷታል። እውነቱን ለመናገር፣ እሷም በሆዷ «ምነው ከፍ አድርጋ ባስቀመጠችው» ትል ነበር።

በመጨረሻ የቢሮው ኃላፊ አስገቧት። ማስረጃ ይሆነኛል ብላ ከሱቅ በውሃ ፕላስቲክ የገዛችውን በረኪና፣ ለእንግዳ ከቀረበላት የታሸገ ውሃ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ኃላፊው ጨዋ ሰው ናቸው፤ በትዕግሥት ሰሟት። መልሳቸው ግን ያው የለመደችው ነበር፦ ባለሱቁም ድሃ ነው፤ ደግሞስ ሰው የገዛውን ነገር አያውቅም ወይ? ጥንቃቄ በአዋጅ አይመጣም። እሷም ልትሞግታቸው ተነሣች። ጉንፋን አፍኗት ስለነበር ጉሮሮዋ ቶሎ ደረቀ። ዓይኗን ከሳቸው ሳትነቅል እጇን ሰደደች፤ ክዳኑን ከፍታ ወደ አፏ አስጠጋች።

ኃላፊው ዘለው እጇን ያዟት። ጥቂት ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

«እሱ አይደለም፤ ተሳስተዋል» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ኃላፊው ግን ሁለቱን ፕላስቲኮች ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና ጸሐፊያቸውን ጠርተው፣ ማኅበሯ ያስገባው የሕግ ረቂቅ ዛሬውኑ ለውሳኔ እንዲቀርብ አዘዙ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። እህቷ ድንች እየላጠች ነበር። ስለ ረቂቁ ገና ሳታነሣ፣ በረኪናው ያነጣውን ቀሚሷን አሳይታ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት።

እህቷ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አንቺም?»

«እኔም። ዓይኔ እያየ፣ እኔው ራሴ ያመጣሁትን።»

እህቷ የነጣውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ልጅቷ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እትዬ አቤቱታም አባብላ አላስቆመቻትም፤ አጠገቧ ቁጭ ብላ የቀረውን ድንች ላጠችላት።