ሁለት እህትማማቾች ሐይቁን በቀኝ ሲዞሩ

ጎህ ሲቀድ፣ ቀጨኔ

የጉዞ ማስታወሻ ሲባል ጣና ወይም አርባ ምንጭ የጠበቃችሁ ይቅር በሉኝ። የዛሬው ጉዞዬ ከጉለሌ ተነስቶ ጉለሌ የሚያልቅ ነው፤ ከክፍለ ከተማው እንኳን አልወጣሁም። ሻንጣም አልያዝኩም። የያዝኩት እናቴን ነው፤ እሷ ደግሞ ከሻንጣ ትከብዳለች።

እማዬ ገና ሳይነጋ ተነስታ፣ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ሥር ቆማለች። ከጎኗ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አለ። የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል።

«ለማን ነው?» አልኳት፣ እያወቅሁ።

«ለመንገድ ነዋ! ሰው መንገድ ሲወጣ ስንቅ አይዝም?»

«መንገዱ እኮ ቅርብ ነው።»

«ቅርብ መንገድ አያስርብም ያለሽ ማን ነው?»

ጥቁር አዝሙድ የበዛበት ድፎ የሚወድ ሰው በዘመዶቻችን ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ አክስቴ ጥሩነሽ፣ የእማዬ ታናሽ እህት። ሁለቱ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ተኮራርፈዋል። በዚያ ግርግር ሁሉም ሌላው የነገራት መስሎት ለአክስቴ መርዶ ሳይነገራት ቀረ። ከቀብር በኋላ ከጎረቤት ሰማች። በሠልስቱ መጣችና ከለቅሶው በፊት ወቀሳውን ጀመረች። እማዬ «እህት ይነገራታል እንዴ? ሆዷ አይነግራትም?» ትላለች። አክስቴ ደግሞ «የገዛ እህቴ እንደ ባዳ ቆጠረችኝ» ትላለች። ሁለቱም ከሳሽ ናቸው፤ ተከሳሽ የለም።

ሽማግሌ ያልተላከ እንዳይመስላችሁ። ሽማግሌ ሁሉ የሚሰናከለው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ማን ማን ቤት ይሂድ? በእኛ ዘንድ የሄደ ጥፋተኛ ነው፣ ቤቱ ተቀምጦ የጠበቀ ባለ እውነት። ስለዚህ ሁለቱም ቤታቸው ተቀምጠው እየጠበቁ አረጁ።

አሁን ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። እማዬ መቁረብ ትፈልጋለች። የንስሐ አባቷ «ከእህትሽ ሳትታረቂ አይሆንም» ብለዋታል። «ሞት ከቀደመኝ ምን እሆናለሁ?» ስትል ሰምቻታለሁ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ነበር የምትናገረው። እኔም አክስቴ ናፍቃኛለች፤ ይህን ምን ያስደብቀኛል?

ከአክስቴ ልጅ ከሄኖክ ጋር መከርንና መላ አገኘን። የማንም ቤት ያልሆነ ቦታ እንፈልግ። እዚሁ ጉለሌ፣ በአዲሱ ሐይቅ ዙሪያ የተሠራው መናፈሻ!

ጠዋት፣ ሽቅብ መንገድ

የታክሲ ሾፌራችን ጌታቸው ይባላል። የሰው ነገር የሚወድ ሰው ነው፤ ከመንገዱ ይልቅ በመስታወቱ እኛን ያያል።

«ሐይቁ ጋ ነው? ሰርግ አላችሁ?»

«እርቅ ነው» አልኩ።

«ምን እርቅ አለ? አየር ልቀበል ነው የምሄደው!» አለች እማዬ።

ጌታቸው በመስታወቱ ዳቦውን አየ፣ ነጩን ቀሚስ አየ፣ ፈገግ አለና ሬዲዮኑን ቀነሰ። ጆሮው እንዳያመልጠው መሆኑ ነው።

መንገዱ ሽቅብ ነው። ቱታ የለበሱ ሯጮች እያለከለኩ ይወጣሉ፣ በቆሎ ጠባሿ ከሰሏን ታርገበግባለች፣ የባሕር ዛፍ ሽታ በመስኮት ይገባል። ከእንጦጦ በኩል እንጨት በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶች ወገባቸው ጎብጦ ይወርዳሉ። አንዷ ሸክሟን እንዳዘለች የመንገዱ ጠርዝ ላይ ለማረፍ ተቀመጠች።

«አሁን ብቻዋን አትነሳም» አለች እማዬ።

«ለምን?»

«ሸክሙ ወደ ኋላ ይስባታላ! እኔና ጥሩነሽ ስንት ዘመን ተሸክመናል እዚህ ተራራ ላይ። አብረን እናርፋለን፣ ከዚያ አንዷ እንደ ምንም ትቆምና ሌላዋን በእጇ ትስባለች።»

«ቀድማ የምትቆመው የትኛዋ ነበረች?»

«እሷ ነቻ፤ ቀልጣፋ...» ካለች በኋላ ማንን እያመሰገነች እንደሆነ ትዝ አላትና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጌታቸው አፉን በመዳፉ ሸፈነ።

ረፋድ፣ በሩ ላይ

«እናቴ፣ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለ የበሩ ጥበቃ።

«ይሄ ምግብ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

እማዬ ዳቦውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። አየር ልትቀበል የመጣች ሴት ምን ትበል? እኔ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ነገርኩት። ጥበቃው ዳቦውን አሸተተ፣ እማዬን ከእግር እስከ ራሷ አየ።

«እርቅ ከሆነ ይግባ። ፍርፋሪ ግን እንዳትጥሉ።»

ከበሩ ወዲያ ሌላ አገር ነው። ጡብ የተነጠፈበት መንገድ ውሃውን ዙሪያውን ይዞታል። የተከረከመ ሣር፣ ቀይና ቢጫ አበባ፣ አዲስ የተተከሉ ዛፎች በድጋፍ እንጨት ታስረው። ሐይቁ ዝም ብሎ ተኝቷል፤ ተራራውንና ደመናውን ገልብጦ ያሳያል። ጥቂት ዳክዬዎች ይንሳፈፋሉ። አንድ ሙሽራና ሙሽሪት ከሚዜዎቻቸው ጋር ፎቶ ይነሳሉ። የከተማው ጩኸት እዚህ አይደርስም። እማዬም ለአፍታ ኩርፊያዋን ረሳችና «አቤት የእግዜር ሥራ!» አለች። የተቆፈረው በማሽን ነው ብዬ ላርማት አልደፈርኩም። ካፌው ደጃፍ ላይ የተለጠፈውን የማኪያቶ ዋጋ ግን አይታ፣ የእግዜር ሥራ አለመሆኑን ወዲያው ለየች።

ውሃው ዳር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጥን ስልኬ ጮኸ። ሄኖክ ነው።

«ሰናይት፣ ደርሰናል። ከማዶ ነን፣ ዛፉ ሥር።»

ቀና ብዬ አየሁ። በውሃው ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ነጭ ነጠላ ያደረገች ትንሽ ሴት ተቀምጣለች። የእማዬ ዓይን ጋዜጣ ማንበብ አቁሟል፤ እሷን ግን ወዲያው አወቀቻት።

«ከስታለች» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ድምፅዋን አጠነከረች። «ትምጣ እንግዲህ፤ ይኸው ተቀምጫለሁ።»

በስልኩም የአክስቴ ድምፅ ይሰማኛል፦ «ትምጣ! መንገዱ እንደሆነ ጡብ ነው፤ እግሯን አይወጋትም!»

አሁንም ረፋድ፣ ማዶና ማዶ

የማንም ያልሆነ ቦታ ያልነው ለካ ሁለት ወንበር ሲኖረው የሁለት ሰው ቤት ይሆናል። እኔና ሄኖክ ሽማግሌ ሆነን በስልክ ተደራደርን። በመጨረሻ ሄኖክ መፍትሔ አመጣ፤ እኩል ይነሱ፣ ሐይቁን ይዙሩ፣ መንገድ ላይ ይገናኙ። ማንም ወደ ማንም አልሄደም ማለት ነው። እማዬ አሰበችበት።

«መንሸራሸር ከሆነ እሺ» አለችና ተነሳች። «በቀኝ ነው የምሄደው። ደግ ነገር በቀኝ ነው የሚጀመረው።»

አክስቴም ማዶ ተነሳች። ያሳደገቻቸው እናት አንድ ናት፤ እሷም በቀኝ ጀመረች።

አንባቢዎቼ፣ ሐይቅ መሀል አድርገው ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ወደ ቀኛቸው ከሄዱ አይገናኙም፤ ይከታተላሉ እንጂ። እኔ ይህ የገባኝ እማዬ አክስቴ የተቀመጠችበት ዛፍ ሥር ስትደርስ ነው። ወንበሩ ባዶ ነበር። ማዶ፣ በእኛ ወንበር በኩል፣ አክስቴ ነጠላዋን እያርገበገበች ታልፋለች።

«እማዬ፣ በቃ እንመለስና በግራ እንያዘው።»

«እኔ ልመለስ? እሷ ትመለስ!»

ሄኖክ ደወለ። «አልመለስም ትላለች።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ የእኛዎቹን ሐይቅ አስዞራቸው። ደግመው ዞሩ። የሰርጉ ፎቶ አንሺ መጀመሪያ ታገሠ፣ በኋላ ግን ካሜራውን አወረደ።

«እማማ፣ ደግሞ ገቡብኝ! ቅድም ሌላዋ፣ አሁን እርስዎ!»

«ምን ላድርግህ? ሙሽራህን ሌላ ቦታ አቁመው!»

ሙሽሪት በሳቅ ሞተች። እኔ ስቄ ሳልጨርስ የእማዬን አረማመድ አየሁና ሳቄ ቆመ። ጉልበቷን ይዛለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። ዳቦውን ግን ለእኔ እንኳን አልሰጥም ብላ አቅፋዋለች። ያን ጊዜ ፈራሁ። እንዲህ እንደዞሩ ቢቀሩስ?

ቀትር ሲቃረብ፣ ሣሩ ላይ

እማዬ የተቀመጠችው ድንገት ነው። ወንበር ሩቅ ነበር፣ ጉልበቷ እንቢ አለ፣ ሣሩ ላይ ዘፍ አለች። እጇን ይዤ ብስብ አልተንቀሳቀሰችም።

«ተይኝ፣ ልረፍ።»

የፊሽካ ፉጨት ተሰማ። የመናፈሻው ጠባቂ ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ ይመጣል። «ሣሩ ላይ አይቀመጡ! ይነሱ! ይነሱ!»

ማዶ አክስቴ ቆመች። እኛን አየች፣ ጠባቂውን አየች። ከዚያ ቀኝም ግራም መምረጡን ተወችው። ባቀረባት በኩል፣ አበባውን ታካ፣ ሣሩን ረግጣ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣች። ሄኖክ ከኋላዋ ይሮጣል። ጠባቂውና አክስቴ እኛ ዘንድ እኩል ደረሱ።

«በማን ላይ ነው የምታፏጨው?» አለችው። «ፍየል መሰለችህ? ታላቅ እህቴ ናት! ባሏ የሞተባት ሴት ናት! አንተ እናት የለህም?»

«ኧረ እማማ፣ ሣሩ ነው...»

«ሣሩ ነገ ይበቅላል! እህት ትበቅላለች?»

ጠባቂው ፊሽካውን ወደ ኪሱ መለሰ። አክስቴ ዞር አለች። ያን ጊዜ ማን ፊት እንደቆመች ተገነዘበች መሰለኝ፣ ጫማዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«መጣሽ?» አለች እማዬ ከታች።

«ማን መጣ? እየዞርኩ ነበር፣ መንገዴ ላይ ሆነሽ ነው።»

«እሺ። እንግዲያው መንገድሽ ላይ ካለሁ...» እማዬ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። «አንሺኝ።»

አክስቴ ጫማዋን ጣለች። እግሮቿን ከፈት አድርጋ ቆመች፣ የእማዬን ሁለት እጆች ያዘች፣ «በይ!» አለችና ወደ ኋላ ተደግፋ ሳበቻት። እኔ ያቃተኝን እሷ ባንድ ጊዜ አነሳቻት። ከተነሳችም በኋላ እጇን አልለቀቀቻትም። «እትዬ፣ ለእኔ ሳይነገረኝ!» ብላ ለአባቴ ያላለቀሰችውን ለቅሶ እዚያው አለቀሰችው። እማዬም «የእኔ ጥፋት ነው፣ የእኔ ጥፋት ነው» እያለች አብራት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሄኖክ ዓይኔ ውስጥ ትንኝ ገባ ይላል፤ አትመኑት።

ወንበር ላይ ሆነን ዳቦውን ቆረስን። ጠባቂውም ድርሻውን ወሰደ፣ ፍርፋሪውን ራሱ ለቀመ።

«እሑድ ልቆርብ ነው» አለች እማዬ ቀስ ብላ።

«ታዲያ ብቻሽን ልትሄጂ ኖሯል?» አለች አክስቴ፣ ጥቁር አዝሙድ ከጥርሷ ላይ በምላሷ እየለቀመች።

ከሰዓት፣ ወደ ቤት

ጌታቸው አልሄደም። የእርቁን መጨረሻ ሳይሰማ መሄድ ከብዶት በር ላይ ሻይ ሲጠጣ ቆይቷል። አራታችንም ተሳፈርን፤ ሁለቱ እህትማማቾች ከኋላ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ጌታቸው ሞተሩን አስነሳ።

«ማን ቤት ልንዳ?»

«እሷ ቤት!» አሉ ሁለቱም እኩል። እማዬ ጣቷን ወደ አክስቴ፣ አክስቴም ወደ እማዬ ቀስረዋል።

«መርዶ ያላስነገርኩት እኔ ነኝ፤ መሄድ ያለብኝ እኔ ነኝ!»

«ለቅሶ ያልተቀመጥኩት እኔ ነኝ! እንዴት አንቺ ትመጫለሽ?»

«አልኩ እኮ ጥሩነሽ!»

«አይሆንም እትዬ!»

ጌታቸው በመስታወቱ አየኝ። ሞተሩን አጠፋ።

ይህን የምጽፍላችሁ እዚያው መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ዳቦው ሊያልቅ ነው።