ሳል ፈልግ

እህቴ ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ደረጃ ስትወጣ በየፎቁ ቆማ ግድግዳውን ተደግፋ ትንፋሿን ትጠብቃለች። ጎረቤቶቿ ዕድሜ ይመስላቸዋል። ዕድሜ አይደለም። እኔ ከኋላዋ ዘንቢሏን ይዤ በቆምኩ ቁጥር አንድ ሰውዬ ፊቴ ላይ ይደቀናል፤ ዓመታት አልፈውም ንዴቴ አልበረደልኝም።

ሰውዬው አቃቂ የነበርንበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የአስተዳደር ኃላፊ ነበር። እህቴ እዚያ ፋብሪካ የገባችው እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። እናታችን ስታርፍ እኔን የማሳደጉ ነገር እሷ ላይ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ እትዬ ነው የምላት። አድጌ፣ ኮምፒውተር ተምሬ እዚያው ስቀጠር እሷ አሁንም ጥጥ ማበጠሪያ ክፍል ነበረች። ክፍሉን ያላየ አይገባውም። ማሽኑ ጥጡን ሲያበጥር ብናኙ አየሩን ይሞላዋል። ሴቶቹ አፋቸውን በሻሽ አስረው ይሠራሉ፤ ከፈረቃ ሲወጡ ቅንድባቸው ነጭ ነው።

እትዬ መሳል ጀምራ ነበር። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብናኝ ወደሌለበት ወደ ማሸጊያ ክፍል መዛወር። ማመልከቻ አስገባች። «የታመምሽው በሥራሽ ለመሆኑ ማስረጃ አምጪ» አሏት። የፋብሪካው ክሊኒክ ሄደች፤ የሳል ሽሮፕ ሰጥተው ሸኟት። ሽሮፕ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም።

ጊዜው ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ የመጣበት፣ ሁሉም ቢሮ በኮምፒውተር ይሥራ የተባለበት ነበር። የክሊኒኩን መዝገብ ወደ ዳታቤዝ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ትንሽዬ ዳታቤዝ ናት። የሠራተኛው ቁጥር፣ የሥራ ክፍሉ፣ ነርሷ ስለ ሕመሙ የምትጽፈው አንድ መስመር፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ በቃ። ተመልሶ የሚያያት ሰው አልነበረም። ማስረጃ ሲሉ ታዲያ ያቺ ዳታቤዝ ትዝ አለችኝ።

ቁጭ ብዬ ስክሪፕት የሚሉትን፣ ለኮምፒውተሩ አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ጻፍኩ። ሥራው ቀላል ነው፤ ነርሷ የጻፈችውን አንድ በአንድ ያያል፣ ከፊቱም ከኋላውም ምንም ይኑር ምን፣ መሃል ላይ ሳል የሚል ካገኘ ያንን መስመር ከነሥራ ክፍሉ ያወጣል። ደረቅ ሳልም ይሁን የቆየ ሳል አያመልጠውም። «ያስላታል» ብላ ለጻፈችውም ሌላ ፍለጋ ጨመርኩለት። ሳስኬደው መስመሮቹ ስክሪኑን ሞልተው መሮጥ ጀመሩ። ማበጠሪያ፣ ማበጠሪያ፣ ፈትል፣ ማበጠሪያ፣ ማበጠሪያ። ከአስተዳደር ቢሮ አንድ ሰው እንኳ ፈልጌ አጣሁ። ደሜ ፈላ። ፕሪንት አድርጌ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ይሄን ማን አዘዘህ?» አለኝ።

«ማንም አላዘዘኝም። እህቴን ማስረጃ አምጪ ስላላችኋት ነው።»

«እና ምን ላድርግ? ክፍሉን በሙሉ ማሸጊያ ልውሰደው?»

«ቢያንስ የታመሙትን ያዛውሩ። አየር ማስወጫውም ከቆመ ቆይቷል፣ ይጠገን።»

«ስማ» አለኝ፣ «ለአቧራው ብለን ወተት እንሰጣቸዋለን። ደረት ያጥባል። እነሱ ግን አይጠጡትም፤ በጠርሙስ እየደበቁ ለልጅ ይወስዳሉ። በር ላይ ያሉትን ፈታሾች ጠይቃቸው። ከዚህ በላይ ፋብሪካው ምን ያድርግ?»

ዓይኔ ደም ለበሰ። ፈታሾቹን መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር፤ ያን ወተት የጠጣሁት እኔ ነኝ። እትዬ በትንሽ ጠርሙስ ነጠላዋ ሥር ሸጉጣ ታመጣልኝና «ቶሎ በል፣ ሳይበላሽ» እያለች ቆማ ታየኝ ነበር። እኔ ያደግኩበትን ወተት ነው ይሄ ሰውዬ የሳሏ ጥፋት ያደረገባት። ደግሞስ ወተት በየት በኩል ነው ሳንባ የሚገባው? ይህን ጠየቅኩት። ከቢሮው አስወጣኝ።

በቀጣዩ ግምገማ ስሜ ተነሳ። የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተር ለዘመዱ የሚያሠራ፣ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ያለበት ተባልኩ። ከማበጠሪያ የመጡት ሴቶች ከኋላ ወንበር እየሳሉ ስገመገም ሰሙ። ሰብሳቢው ሳሉ እስኪያልፍ ንግግሩን ያቆም ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ምንም አልሰማም።

ሰንብቼ ስክሪፕቱን አዲስ በገቡት ታካሚዎች ላይ አስኬድኩት። ባዶ። የተበላሸ መስሎኝ በድሮዎቹ ላይ ሞከርኩት፤ ይሠራል። ወደ ነርሷ ሄድኩ። ቀና ብላ ሳታየኝ «ስለ ሕመሙ አትዘርዝሪ፣ ታክሟል ብቻ በይ ተብያለሁ። እኔም ልጆች አሉኝ» አለችኝ። በእሷ አልፈረድኩም።

እልህ ያዘኝ። ቃሉን ካጠፉት መድኃኒቱ አለ አልኩና የመድኃኒቱ ዓምድ ላይ ሽሮፕ የሚል እንዲፈልግ አደረግኩት። ያው ማበጠሪያ፣ ማበጠሪያ፣ ማበጠሪያ እያለ መጣ። ወረቀቱን እንደገና ለኃላፊው ወሰድኩለት። በዚህኛው ቀን አልጮኸም፤ አጥፎ ኪሱ ከተተና «እናየዋለን» አለኝ።

እውነትም አዩት። ወሩ ሳያልቅ የሳል ሽሮፕ ከክሊኒኩ ጠፋ፤ የሚያስለው ሰው ከውጭ ገዝቶ ይጠጣ ተባለ። የነገረችኝ እትዬ ናት። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«በቃ ተወው አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «አንተ በፈለግክ ቁጥር እነሱ የሚያጠፉት ያገኛሉ።»

ማሸጊያ ክፍልን ሳታያት ቀረች። አንድ ፈረቃ ቆማ መጨረስ ሲያቅታት ሥራውን ለቀቀች። የስንብት ወረቀቷ ከሌሎች ጋር ተደርቦ እኔው ጠረጴዛ ላይ መጣ፤ የሠራተኞቹ ዳታቤዝ ላይ የማስገባው እኔ ነበርኩና። ምክንያት በሚለው ቦታ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በኃላፊው ፊርማ፣ «በራሷ ፈቃድ» ይላል።

በራሷ ፈቃድ! ቁጥሯን አስገባሁ፣ ክፍሏን አስገባሁ። ምክንያት የሚለው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ገለበጥኩትና «ሳል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ስክሪፕቴን ወደዚያ ዳታቤዝ አዙሬ አስኬድኩት። አንድ መስመር ብቻ መጣ፤ እትዬ።