ቀዩን ነጥብ የሰረዙት ሲስተር ረምላ

ሲስተር ረምላን የምታውቁ ሁሉ፣ በጀጎል ውስጥም ከግንቡ ውጭም ያላችሁ፣ ሲስተር ማክሰኞ ጠዋት አርፈዋል። እንደ ሃይማኖታቸው ሥርዓት የዚያኑ ዕለት ተቀበሩ። እኔ ጉልበቴን አሞኝ ለቀብሩ አልደረስኩም፤ ስለዚህ እዚያ ቆሜ የምለውን በዚህ ወረቀት ላይ እላለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቀርም፣ ስለ እሳቸው እውነቱን ለመጻፍ ይበቃል።

እኔ አስካለ፣ አቦከር ውስጥ ጠላ ቤቶች በተደረደሩበት ቅያስ ሃያ ዓመት ጠላ ሸጫለሁ። ሲስተር ረምላ ደግሞ የከተማችንን የኤችአይቪ መከላከል ዕቅድ የሚያወጡ ነርስ ነበሩ። የተዋወቅነው በጠብ ነው።

ከዓመታት በፊት ለስብሰባ ቀበሌ አዳራሽ ተጠራን። ግድግዳው ላይ የከተማዋ ካርታ ተለጥፏል። አንድ ቦታ ብቻ በቀይ ነጥብ ተሞልቷል። ተጠግቼ ሳይ የእኛ ቅያስ ነው። ዕቅዱ ምርመራው እዚያው፣ ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሎ እንዲጀመር ነበር።

«ሲስተር፣ ይሄ ቀይ ነገር ምንድን ነው?» አልኩ።

«በሽታው በብዛት ይተላለፍበታል ያልነው ቦታ ነው፣ እማማ።»

«እኛ ዘንድ የሚመጡት ወንዶች ከሰማይ ነው የሚወርዱት? ቤት የላቸውም? ሚስት የላቸውም? የእነሱ ነጥብ የታለ?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ፣ «አቦ! ይቺን ሴትዮ አስቀምጡልን!» አሉ።

ሲስተር አልሳቁም። ወደ ካርታው ተጠጉ። «ወላሂ ልክ ነዎት። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስህተቱም የእኔ ነው» አሉ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። የቢሮ ሰው በሕዝብ ፊት ተሳሳትኩ ሲል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ በኋላም ብዙ አልሰማሁም።

«እንግዲያው ማን ከየት እንደሚመጣ እርስዎ ይንገሩኝ» አሉኝ። ስም ሳልጠራ ነገርኳቸው፤ ከጅጅጋ የሚመጣውን የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጫቱን ሸጦ ወደ ገጠር ከመመለሱ በፊት ጎራ የሚለውን ነጋዴ፣ መኪናውን ሁለት ቅያስ ርቆ የሚያቆመውን ሹም። እሳቸው ነጥቦቹን እየሰረዙ በምትኩ መስመር ሳቡ። መስመሩ በጀጎል በሮች ገባ፣ ገበያውን አቋረጠ፣ ወደ ሶፊ ገጠር ወረደ። በመጨረሻ መስመር ያልነካው ሰፈር አልቀረም።

«በእኛ ሰፈር ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም» አሉ ያው ሽማግሌ።

«አባባ፣ መንገድ የማይገባበት ሰፈር ካለ ያሳዩኝ፤ እሱን እተወዋለሁ» አሉ ሲስተር። ሽማግሌው ራሳቸው ተቀመጡ። ያን ጊዜ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

ዕቅዱ እንደገና ተጻፈ። ድንኳኑም ሰው ሁሉ ለእህሉም ለቅመሙም በሚመጣበት በጊደር መጋላ ተተከለ። ሲስተር በእኛ ዕድርም፣ ሐረሪዎች ለሠርግና ለለቅሶ በሚሰባሰቡበት አፎቻም እየዞሩ ስለ ምርመራው፣ ስለ ኮንዶሙ፣ ስለ መድኃኒቱ ሳያፍሩና ሰው ሳያሳፍሩ አስረዱ። በመጀመሪያው ቀን ሁላችን እያየን ቀድመው ደም የሰጡት እሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው።

ሰልፉ አንድ ብቻ ነበር። ተራ አስከባሪዋ እኔ ነኝ፤ ሲስተር ናቸው የሾሙኝ። አንድ ሹም በጓሮ ሊገቡ ሲሉ ከፊታቸው ቆምኩ። «ጌታዬ፣ የሰልፉ መጨረሻ እዚያ ነው» አልኳቸው። ለሲስተር አቤት አሉ። ሲስተርም፣ «ደም ሹመት አያውቅም። እማማ አስካለ ያሉት ይሁን» አሉ። ሹሙ ከአንዲት ጫት ሻጭ ኋላ ቆሙ።

በዚያ ሰልፍ ውስጥ ልጄም ነበረች። እሷም ከእኔ ጋር ጠላ ትሸጥ ነበር። ድንኳኑ ደጃችን ላይ ቢሆን ኖሮ ብትሞት አትገባም ነበር፤ የገባ ሁሉ በቅያሱ ክፉ ስም ይጠራ ነበርና። እዚህ ግን ከነጋዴውም ከሹሙም ጋር ተሰልፋ ገባች። ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል። ሮጬ ሲስተር ዘንድ ገባሁ። ከድንጋጤዬ ብዛት አንቺ አልኳቸው።

«ንገሪኝ! ልጄ ምን ሆነች?»

«አልነግርዎትም።»

«እናቷ ነኝ እኮ!»

«ሹሙን ለሹመታቸው ብለው አላሳለፏቸውም። እኔም እርስዎን ለእናትነትዎ ብዬ አላሳልፍም። ውጤቱ የባለቤቱ ነው፤ ራሷ እስክትነግርዎት ተራዎን ይጠብቁ።»

አንድ ወር ሙሉ ሰላምታ ነሣኋቸው። እሳቸው ግን በቅያሳችን ባለፉ ቁጥር፣ «እማማ፣ ደህና አደሩ?» ማለታቸውን አልተዉም። ከዚያ አንድ እሑድ ልጄ አጠገቤ ተቀመጠችና ራሷ ነገረችኝ። ቫይረሱ በደሟ ነበር። ከመንደር ወሬ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ እጮህባት ነበር፤ እኔ ራሴን አውቃለሁ። ከእሷ አፍ ስሰማው ግን አቀፍኳት። መድኃኒቷን ጀመረች። ኋላ ስታረግዝም ሲስተር ከክትትሏ አልተለዩም፤ የልጅ ልጄ ከቫይረሱ ነፃ ሆና ተወለደች። ይህን የጻፍኩት ልጄ «ጻፊው» ስላለችኝ ነው። ሳያስፈቅዷት ጻፉ ብለው ሲስተር ከመቃብርም ቢሆን ይቆጡኝ ነበር።

ሐሙስ ለለቅሶ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ሰው ተሰልፏል። ጫት ሻጯ አለች፣ ሹፌሮች አሉ፣ ያ ሹምም ጡረታ ወጥተው በከዘራ ቆመዋል። ተራ የሚያስከብር ሰው አልነበረም፤ አላስፈለገምም። «እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አሉኝ። እምቢ ብዬ በታመመ ጉልበቴ ከመጨረሻው ቆምኩ። እንዲህ ያለ ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሲስተር ረምላ፣ እርስዎ በሚጠሩት ስም አላህ ጀነትን ይስጥዎ፤ እኔም በምጠራው ስም ለምኜልዎታለሁ። ልጄ ዛሬ ከቅያሳችን ቀና ብላ ትወጣለች። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። በዕድሜ እኔ እበልጥዎታለሁ፤ ወደ መቃብር በሚሄደው ሰልፍ ፊትዎ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ዕድሜ ልክዎን የሰው ተራ ሲያስከብሩ ኖረው የእኔን ወሰዱብኝ። በእርስዎ ያየሁት አድልዎ ይህ ብቻ ነው፤ ይቅር ብያለሁ። በሰላም ይሂዱ። እኔ ሰልፌ ላይ ነኝ፤ ተራዬ ሲደርስ እመጣለሁ።