የሁለት ፓርክ ሰዎች በአንድ ቤት

ኮሮና በገባበት ዓመት እኔ ሳን ሆዜ አጠገብ ባለ የመዝናኛ ፓርክ መካኒክ ነበርኩ። ዋርሳዬ፣ ማለትም የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ከባሕሩ ድልድይ ማዶ በሰሜን በኩል ተራራ ላይ ባለ ሌላ ፓርክ በያጅ ነበር። ሁለቱ ፓርኮች የሁለት ተፎካካሪ ካምፓኒዎች ናቸው። የካምፓኒዎቹ አለቆች ምን ያህል እንደሚጠላሉ አላውቅም፤ ጭራሽ አይተዋወቁም ይሆናል። እኔና ዋርሳዬ ግን የነሱንም ድርሻ ጨምረን እንፎካከር ነበር።

እኔ አዲስ አበባ ሊፍት ስጠግን ኖሬ በዲቪ የመጣሁ ሰው ነኝ። ሰውን ወደ ላይ አውጥቶ በሰላም ማውረድ የቆየ ሙያዬ ስለሆነ የፓርኩ ሥራ ብዙም አልከበደኝም። ልዩነቱ እዚህ ተሳፋሪው ካልጮኸ አለቆቼን ቅር ይላቸዋል። ዋርሳዬ ደግሞ ደሴ የበርና የመስኮት ብረት ሲበይድ ያደገ ነው። ሥራውን የጠየቀው ሰው ካለ ደረቱን ነፋ አድርጎ “ሮለርኮስተር እየሠራን ነው” ይላል፤ ሰው ጭኖ ከፍ ባለ ሐዲድ ላይ የሚወጣውን፣ የሚወርደውን፣ የሚገለበጠውን ባቡር ማለቱ ነው። ቆይቶ እንደደረስኩበት ግን እሱ የሚበይደው ሐዲዱን ሳይሆን ሰው ተሰልፎ ተራ የሚጠብቅበትን መከለያ ብረት ነበር። ሐዲዱ ከውጭ አገር ተሠርቶ ያለቀ ነው የሚመጣው። ይህን ምስጢር ለባለቤቴ ብቻ ነገርኳት። እሷም በዚያው ቀን ለወንድሟ ነገረችው፤ አንድ ሳምንት አኮረፈኝ።

በዚያ ዓመት ሁለቱም ካምፓኒዎች አዲስ ሮለርኮስተር ሊተክሉ ጀምረው ነበር። የኛ ከፍ ያለ፣ የነሱ ፈጠን ያለ ነው ይባል ነበር። በዚህ መሃል፣ መጋቢት ላይ፣ ሁሉም ነገር ተዘጋ።

አማቴ፣ የባለቤቴና የዋርሳዬ እናት፣ የዚያን ሰሞን ሊጠይቁን ከደሴ መጥተው ኦክላንድ እኛ ቤት ነበሩ። አሥር ጣት የማይበቃው ዓመት የጨርቃጨርቅ ሱቅ ይዘው የኖሩ ነጋዴ ናቸው። የመጡት ለሦስት ወር ነበር፤ በረራቸው ተሰረዘ፣ ተራዘመ፣ እንደገና ተሰረዘ። መጀመሪያ ሰሞን ሻንጣቸውን በር አጠገብ አድርገው ይጠባበቁ ነበር። በኋላ አልጋ ሥር ገፉትና “ከእንግዲህ ሲጠሩኝ እሄዳለሁ” ብለው የጓሮውን አትክልት ተረከቡ።

ጁምዓ ጁምዓ ዋርሳዬ ከሚኖርበት ከሳን ፓብሎ እናቱ የሚያጥቡለትን ልብስ ይዞ ይመጣና ጓሮ ውስጥ ተራርቀን ቁጭ ብለን ምሳ እንበላለን። እሱ በጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ፣ እኔ በወዲህኛው። ርቀቱ ለቫይረሱ ተብሎ የተደረገ ቢሆንም ለክርክራችንም ተስማምቶናል።

የኔ ካምፓኒ ፕሮጀክቱን ፖዝ አደረገ፣ ለጊዜው አቆመው። አለቃችን በኮምፒውተር ሰብስቦን እጃችን ላይ ያለውን ይዘን እንቆያለን፣ አዲስ ነገር አንጨምርም አለ። የመጣው ሐዲድ መኪና ማቆሚያው ላይ ተዘረጋ። ትልልቅ ጠማማ ቀይ ብረቶች ናቸው፤ ላስቲክ ለብሰው ባዶው አስፋልት ላይ ተኝተው ሲታዩ አንድ ግዙፍ ሰው በልቶ የተወው ፓስታ ይመስላሉ። አብዛኛው ሠራተኛ ቤቱ ሲላክ ጥቂት መካኒኮች ቀረን። ሥራችን የቆዩት ባቡሮች እንዳይዝጉ በየጊዜው ባዷቸውን ማስኬድ ነበር።

ሙሉ በሙሉ ባዶ እንኳ አይደሉም። ክብደት እንዲኖራቸው የሰው ቅርጽ ያላቸው፣ ውሃ የተሞሉ ላስቲኮች ወንበሮቹ ላይ እናስቀምጣለን። ቀበቶ አስሬላቸው፣ ብረቱን ደረታቸው ላይ ዝቅ አድርጌ፣ ሲመለሱ ደግሞ ፈትቼ አወርዳቸዋለሁ። ብቻዬን ስለምውል ትንሽ ቆይቼ ማናገር ጀመርኩ። አንደኛው ሁልጊዜ ውሃ ያፈስ ስለነበር ልምድ የለውም ብዬ ከኋላ አስቀምጠው ነበር።

ይህን አንድ ጁምዓ ለአማቴ ነገርኳቸው። ሰሙኝና ውሃውን አዙሬ አዙሬ ስጨርስ ምን እንደማደርገው ጠየቁኝ። አውርጄ ጥላ ሥር አስቀምጠዋለሁ አልኳቸው።

“በደሞዝ?” አሉ።

“በደሞዝ፣ እማማ።”

ዋርሳዬ እስኪያለቅስ ሳቀ። የሱ ካምፓኒ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ውስጥ አልገባም፣ ሥራውን ቀጥሏል። ኮንስትራክሽን ስለተፈቀደ ማስካቸውን አድርገው ቀን ከቀን ይሠራሉ። የነሱ አለቃ፣ በሩ የተከፈተ ቀን ሰው ሁሉ ቤት ውስጥ ታፍኖ የቆየ ነውና አዲስ ነገር ወዳለበት ይሮጣል ብሏል። ዋርሳዬም “እናንተ ያኔ ፓስታችሁን ትቀቅላላችሁ” አለኝ።

አማቴ ወደሱ ዞር አሉ። “አንተስ ማንም በማይሰለፍበት የሰልፍ አጥር እየበየድክ አይደለም እንዴ?” አሉት። ባለቤቴ ምስጢሩን ለእናቷም እንደነገረች ያወቅነው ያኔ ነው።

ፍርድ እንዲሰጡን ብንለምናቸው እምቢ አሉ። ሱቃቸው ባለበት መንደር ክፉ ጊዜ በመጣ ቁጥር አንዱ ነጋዴ መጋዘኑን ቆልፎ ይቀመጣል፣ ሌላው ጨርቅ በርካሽ ይሰበስባል፤ አንዳንዴ ያኛው ይድናል፣ አንዳንዴ ይኼኛው። አስቀድሞ ያወቀ ሰው አላየሁም፣ በኋላ ግን ሁሉም አውቄ ነበር ይላል፣ አሉን።

እንዲህ እያልን ወራት አለፉ። ዋርሳዬ በየጁምዓው ሪፖርቱን ያቀርባል። ዛሬ የመጨረሻው ሐዲድ ተገጠመ፣ ዛሬ ባቡሩ ለሙከራ ወጣ፣ ዛሬ ቀለም ተቀባ። እኔም ውስጤ ቅናት እየገባው መጣ። የተኛውን ቀይ ሐዲድ በየቀኑ ሳየው የተረሳ መሰለኝ፤ እኔም አብሬው የተረሳሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት አለቃዬ ወደ ኦክላንድ ወደብ ላከኝ። ከውጭ አገር ያዘዝነው ትልቅ ሞተር መርከብ ላይ ስንት ጊዜ ቆይቶ በመጨረሻ ወርዷል፤ ከከባድ መኪና ሾፌሩ ጋር ሄጄ ጉዳት እንደሌለው አይቼ መፈረም ነበረብኝ። ሞተሩ ደህና ነበር። የተሰጠን ተጎታች ግን አንድ ብረቱ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ሾፌሩ ከወደቡ አጥር ውጭ ወዳለ አንድ የተጎታች መጠገኛ ግቢ ይዞት ገባ።

በያጁ ማስክ አድርጎ በላዩ የብየዳ መከለያውን ደፍቶ ስለነበር ፊቱ አይታይም። ተንበርክኮ ብረቱን በእጁ ዳሰሰና እሳቱን ከመጫሩ በፊት ቀስ ብሎ “ቢስሚላህ” አለ። ድምፁን ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። ከሦስት ቀን በፊት ጓሯችን ውስጥ ስለ ባቡሩ የሙከራ ጉዞ በሰፊው ያወራኝ ድምፅ ነው።

እስኪጨርስ ጠበቅሁት። መከለያውን ቀና ሲያደርግ አየኝ። ለትንሽ ጊዜ ሁለታችንም ያልተያየን ለመምሰል ሞከርን፤ አልሆነም።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አልኩት።

“ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው” አለ። ጓንቱን አውልቆ ግድግዳው ጥግ ወሰደኝ። ባቡሩ ተሠርቶ አልቋል፣ የነገረን ሁሉ እውነት ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ግን የሠሩትን ሰዎች ሌይኦፍ አድርገው አሰናበቷቸው። ፓርኩ ገና ሊከፈት ስላልተፈቀደ አዲሱ ባቡር ቆሞ ሰው ይጠብቃል። ወሬውን ግን እዚያ ከቀሩ ጓደኞቹ እየደወለ ይሰበስብ ነበር፤ በየጁምዓው የሚያቀርብልን ያንን ነው።

“ለምን አልነገርከኝም?” ስለው፣ “አንተ ውሃ እያንሸራሸርክ ሥራህ ላይ አለህ፤ እኔ ስንት ስፎክር ከርሜ ምን ልበልህ?” አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ለእማዬ እንዳትነግራት፣ በአላህ” አለ።

ልስቅበት ሙሉ መብት ነበረኝ። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁት ድል እጄ ላይ ወድቆልኛል። እጁ ላይ ያለውን ጥላሸት ሳይ ግን ሳቁ ከየትም አልመጣ አለኝ። አልነግርም አልኩት። ይህን ምስጢር ለባለቤቴም አልነገርኳት፤ ስህተቴን ተምሬያለሁ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ሪፖርቱን እንደተለመደው አቀረበ። እኔም እንደተለመደው ተከራከርኩት፤ ባቡራቸው ፈጥኖ የሚጓዘው የሚያየው ስለሌለ አፍሮ ነው አልኩት። እሱ በምስጋና ዓይን አየኝ። አማቴ ሁለታችንንም አፈራርቀው አዩንና ሳህኑን እያነሱ እንዲህ አሉ፦

“ልጄ፣ ተራራ ላይ ባለ ፓርክ የሚሠራ ሰው ልብሱ እንዴት የባሕር ጨው ይሸታል? ሁለት ወር ሙሉ ጃኬትህን እኔ አይደለሁ እንዴ የማጥበው?”

ዋርሳዬ ሹካውን አስቀመጠ። አማቴ አልተቆጡትም። ወደቡም ሐላል ሥራ ነው አሉት፤ መዋሸቱን ግን እንዲተው፣ ለባቡር ሲል እንዳይዋሽ። ባለቤቴ ለምን ማንም ለኔ አልነገረኝም ብላ ተነሳችና ሦስታችንንም በየተራ አየችን። 

ከክረምት በኋላ የኔ ካምፓኒ አለቆች ሐዲዱን ከአስፋልቱ ላይ አንስተው ይተከል አሉ። ችግሩ በተዘጋበት ጊዜ በያጆቻቸውን ሁሉ አሰናብተው ነበር፤ የሄዱትም ሌላ ሥራ ይዘው አልመለስ አሉ። እኔ ለአለቃዬ አንድ ሰው አለኝ፣ የሰሜኖቹን አዲስ ባቡር የሠራ ነው አልኩት። የሰልፉን መከለያ ነው ብዬ አላብራራሁም።

ዋርሳዬ ተቀጥሮ በመጣ በሳምንቱ “እኛ ሰሜን እንዲህ አይደለም የምንሠራው” ማለት ጀመረ። በወሩ ደግሞ “እኛ እዚህ” ይል ነበር። የውሃ ሰዎቹንም አስተዋወቅሁት፤ የሚያፈሰውን አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ ጠገነልኝ።

የኛ ባቡር ገና ሳያልቅ የሰሜኑ ፓርክ ተከፈተ። አማቴ በመጨረሻ ትኬት ተቆርጦላቸው ሊሄዱ ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ነበር። ልጄ የለፋበትን ሳላይ አልሄድም ስላሉ አራታችንም እንደማንኛውም ሰው ትኬት ገዝተን ገባን። የሰሜኑ አለቃ ልክ ነበር፤ ሰልፉ ማለቂያ የለውም። ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ባቡሩን ሲያይ ዋርሳዬ አጎንብሶ መከለያውን ያይ ነበር። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣቱ እየነካ “ይቺ የኔ ናት፣ ይቺም የኔ፤ ይቺኛዋን እንጃ” ይላል። እናቱ ከኋላው እየተከተሉ እሱ የነካውን ሁሉ ይነካሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ስንሰለፍ እንደሱ ደስ ብሎት የቆመ ሰው አላየሁም።

የባቡሩ በር ላይ ስንደርስ አማቴ ቦርሳ ይይዙልናል ብለን ነበር። ቦርሳውን ለባለቤቴ ሰጡና ነጠላቸውን አጥብቀው አስረው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። አውርዱኝ ቢሉ ምን እናደርጋለን እያልኩ ስጨነቅ ባቡሩ ወጣ፣ ወረደ፣ ተገለበጠ። ብዙ ዓመት ስንት ሰው ሲጮህ ስሰማ ኖሬ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ፤ ዋርሳዬ እስከ ዛሬ ይህን ለማንም ያወራል። እሳቸው ከወንበሩ ሲነሱ ትንሽ ተንገዳገዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉና “አልሐምዱሊላህ፣ በደንብ ተሠርቷል” አሉ። ከዚያ የኛውስ መቼ ነው የሚያልቀው ብለው ጠየቁኝ።

የኛ ባቡር የተከፈተው እሳቸው ከሄዱ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እሱም የራሱ ሰልፍ አለው። የቱ ካምፓኒ አውቆበት እንደነበር እኔና ዋርሳዬ ዛሬም አልተስማማንም፤ አሁን አንድ ፓርክ ውስጥ ሆነን የምንከራከረው እሱ ሰሜንን፣ እኔ ደቡብን ወክለን ነው። ባለፈው ደሴ ደውለን ሳለ አማቴ ሱቅ ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ ስለኛ ሲያወሩ ሰማናቸው። አሜሪካ ሁለት ፓርክ አለን ይሏታል። ዋርሳዬ ሊያርማቸው አፉን ሲከፍት ስልኩን ከእጁ ወሰድኩበት።