ቄደር አንጠመቅም

አባቴ የመተማ ቄስ ነበር። ጣሊያን ጎንደር ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ገዳሪፍ ላሉት ሐበሾች የሚናዝዛቸው የለም ተባለና ወደ ሱዳን ተላከ። እናቴንና እኔን ይዞ ወረደ። እኔ የወተት ጥርሴን የምነቅልበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ዓመት ሳይሞላን እንመለሳለን ብለን ነበር፤ ጣሊያን መተማን ያዘና መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ በጫካ በጫካ ድንበሩን እየሾለከ የመጣው ስደተኛ ሁሉ የአባቴ ምእመን ሆነ።

ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም። ከከተማው ዳር አንድ ትልቅ የሁመር ዛፍ ነበር፤ አባቴ ከሥሩ ቆሞ ይሰብካል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ከበሽተኛ ቤት በሽተኛ ቤት ይዞራል። ወባው ክፉ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር የምንቀብረው ይበዛል። እናቴ ዳዊት ደጋሚ ስለነበረች እሱ ሲደክመው እሷ ከሟች ራስጌ ተቀምጣ ትደግማለች። የምንበላው ኪስራና ወይካ ነው፤ እኔ ያደግሁት በማሽላ ቂጣና በደረቀ ባሚያ ወጥ ነው ማለት ይቻላል። ቋንቋዬም ግማሹ አረብኛ ሆነ።

ጣሊያን ከመተማ ለቀቀ የሚለው ወሬ እንደ ደረሰን አባቴ ዕቃ ማሰር ጀመረ። ከብዙ ስደተኞች ጋር ሆነን ጋላባት ደረስን፤ ጋላባትንና መተማን የሚለየውን ደረቅ ፈፋ ተሻገርን። እናቴ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች። እኔ ቀና ብዬ አየሁ። ጣራው የተቃጠለ ቤት፣ የተቆፈረ ምሽግ፣ የተበጣጠሰ የሽቦ አጥር።

«አገራችን ይኼ ነው?» አልኳት።

«ይኼ ነው» አለች አፈሩን ከከንፈሯ እየጠረገች። «ምን ጎደለው?»

ቤተ ክርስቲያኑም ተቃጥሎ ኖሮ፣ እዚያው የቀሩት ሰዎች የሣር ዳስ ሠርተውለት አገኘነው። የመጀመሪያው እሑድ አባቴ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ እኔና እናቴ ተከናንበን ሄድን። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን አግድመው አቆሙን። ከደብሩ አለቃ ቀጥሎ የሚፈሩት እሳቸው ነበሩ።

«አባታችን፣ እንኳን ለአገርዎ አበቃዎ» አሉ። «ነገር ግን ከአረብ አገር ነው የመጣችሁ። የበላችሁትን ሥጋ ማን እንደ ባረከው እኛ አናውቅም። ቄደር ተጠምቃችሁ ትገባላችሁ።»

ቄደር ሃይማኖቱን ክዶ የነበረ ሰው በጸሎትና በውኃ የሚመለስበት ሥርዓት ነው። አባቴ በስደት ዘመኑ ስንቱን ከመካድ አድኗል። ደሙ ፊቱ ላይ ሲወጣ አየሁት። ግን ዞሮ ወደ ቤት መራን።

ቤት ማለቴ፣ ከፈረሰው ቤታችን ግድግዳ ጋር ያስጠጋነው ጎጆ ነው። አባቴ መደቡ ላይ ቁጭ እንዳለ፣ «ውኃ ነው፤ ቢረጩን ምን እንሆናለን? ሰላም ይሻላል» አለ።

እናቴ ነጠላዋን አውልቃ ስታጥፍ ነበር። ተወችው።

«ውኃውን አልጠላሁም» አለች። «ቄደር የሚጠመቅ የካደ ነው። እርስዎ ክደዋል?»

«አልካድኩም።»

«እዚያ የቀበሯቸውስ? በረኃብ ሲያልቁ እንኳ ክራቸውን ከአንገታቸው ያልበጠሱት? እርስዎ ዛሬ ጎንበስ ብለው ሲጠመቁ፣ እነሱን ከመቃብራቸው አውጥተው ከሃዲ ናችሁ ማለትዎ ነው። እኔ አልጠመቅም። ልጄም አትጠመቅም።»

 አባቴ በማግሥቱ ከደብሩ አለቃ ዘንድ ሄዶ፣ «አንጠመቅም» ብሎ ተመለሰ።

ቅዳሴ እንዳይገባ ከለከሉት። ሴቶቹ እናቴን ሰላም ማለት ተዉ። እኔ ውኃ ስቀዳ እንስራቸውን ከእንስራዬ ያርቁ ነበር። አንዷ፣ «የአረብ ልጅ» ብላ ሰደበችኝ።

«አረብኛ እችላለሁ» አልኳት። «በሱ ልመልስልሽ ወይስ በአማርኛ?»

እሑድ እሑድ ከአጥሩ ውጭ ቆመን እናስቀድሳለን። ከገዳሪፍ የተመለሱት ሌሎቹም ተጠመቁ ሲባሉ እምቢ እያሉ ከእኛ ጋር መቆም ጀመሩ። አባቴ ግን ከፋው። እዚያ ማዶ ሌሊት ቀን ሳይሉ የሚጠሩት ሰው፣ አገሩ ገብቶ ሥራ ፈታ። ማሽላ ሊዘራ ኮኪት መንገድ ላይ ቁጥቋጦ ይመነጥራል፤ እጁ መጥረቢያ አልለመደምና ውኃ ይቋጥራል። «የማስፈልግህ እዚያ ነበር ጌታዬ» ይላል ለብቻው። 

ዝናቡ ሲጀምር፣ አብራን የተመለሰች አንዲት መበለት በንዳድ ሞተች። ባሏ በአርበኝነት ወድቆባታል፤ ዘመድ የላትም። ሽማግሌው ሰው ልከው፣ «ቄደር ሳትጠመቅ ስለ ሞተች ከአጥሩ ውጭ ትቀበር» አሉ።

እናቴ መልእክቱን ሰምታ ስታበቃ አባቴ ጉቶ ሲነቅልበት የዋለውን ዶማ አነሣች። ቀጥ ብላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ገባች። እኔም ተከተልኳት። ከመቃብሮቹ መካከል ባዶ ቦታ መርጣ መቆፈር ጀመረች። ሰው ተሰበሰበ።

«ሴት መቃብር ስትቆፍር የት ታይቷል?» አሉ ሽማግሌው በትራቸውን አንሥተው።

«መተማ ላይ» አለች ቀና ሳትል።

ጎረቤታችን ጨው ነጋዴ ነበር፤ እስላም ነው። ድምፁን ሰምቶ ሁለት አካፋና ሁለት ሠራተኞች ይዞ መጣ፤ ከበሩ ላይ ቆሞ በአረብኛ፣ «ልግባ?» አለኝ። «ግባ» አልኩት። ከዚያ አባቴና ሌሎቹ ስደተኞች ሬሳውን ተሸክመው ደረሱ። ሽማግሌው ከፊታቸው ቆሙ።

እናቴ ያን ጊዜ ወገቧን አቀናች። ጭቃው እስከ ክንዷ ደርሷል።

«አባቴ፣ ጣሊያን ካባ ሲያለብስዎ፣ ለባንዲራው እጅ ሲነሡ፣ ከማዕዱም ሲቀምሱ ነበር ይላሉ። እርስዎን ማን ቄደር አጠመቀዎ?»

የተሰበሰበው ሰው አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከጣሊያን ጋር የኖረ ሁሉ የየራሱ ጉድ ነበረበትና። ሽማግሌው በትራቸውን ዝቅ አድርገው ከመንገዱ ዘወር አሉ። በዚህ መካከል ከዳሱ ሆነው ሁሉን ሲሰሙ የነበሩት የደብሩ አለቃ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። ማንንም ሳያዩ ከአባቴ ጎን ቆመው ፍትሐቱን ጀመሩ። አባቴ ተቀበላቸው። ሲያዜም ድምፁ ተሰበረ፤ ከተመለስን ወዲህ ሲያዜም ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ነጋዴውና ሠራተኞቹ ጸሎቱ ሲጀመር አካፋቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ፈቀቅ አሉ። መበለቲቱ እዚያው፣ ከክርስቲያኖች መካከል ተቀበረች።

ሁሉ ነገር ግን በዚያ ቀን አልተስተካከለም። አባቴን ቅዳሴ ያስገቡት ማሽላው ከታጨደ በኋላ ነው፤ ያውም ቄስ ስለጎደላቸው። የስብከት ጉጉቱም እንደ ድሮው አልሆነም፤ የማሽላ እርሻው በልጦበት ኖረ። ስለ ቄደር ግን ከዚያ ወዲያ አፉን የከፈተብን የለም።

ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ እናቴን አኩርፈው ነበር። እሷ ግን መንገድ ላይ ባገኘቻቸው ቁጥር ከፊታቸው ቆማ፣ ገበያው ሁሉ እስኪሰማ፣ «እንደምን አደሩ አባቴ!» ትላቸዋለች። «እግዜር ይመስገን» እስኪሉ ድረስ መንገዱን አትለቅም።